የግንባታ ፈቃድና የሴት ስም፦ ከቃል ምስክር ወደ ወረቀት

በአርጆም ሆነ በነቀምቴ አንድ ሰው ቤት ሊሠራ ነው ሲባል ሦስት ነገር ይጠየቃል። ቦታው የማን ነው? ገንዘቡ ከየት መጣ? ግንበኛው ማን ነው? «ፈቃዱ በማን ስም ወጣ?» የሚለው አራተኛው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ የሚነሣው ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው። ባል ሲሞት፣ ትዳር ሲፈርስ፣ ለመንገድ ማስፋፊያ ችካል ሲተከል ወይም ባንክ ለብድር ዋስትና ሲጠይቅ ያን ጊዜ ሁሉም ወረቀት ፍለጋ ሣጥን ይከፍታል።

ውድ እህቶች፣ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት የግንባታ ፈቃድ የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣ፣ እኛ ሴቶች በዚህ ታሪክ ውስጥ የት እንደነበርን፣ ዛሬስ ማመልከቻ ስናስገባ ምን ልብ ማለት እንዳለብን ለማሳየት ነው። ቤት በመሥራት ሴት ከወንድ ወደኋላ ያለችበት ዘመን አልነበረም። ወደኋላ የቀረችው ወረቀት ላይ ነው።

ቃል ምስክር በነበረበት ዘመን

በወለጋ ኦሮሞ ዘንድ የቆየው የመሬት አያያዝ ሥርዓት ቀቢዬ ይባላል። ጫካውን መንጥሮ መጀመሪያ የሰፈረ ሰው እርሱም ዘሩም የመሬቱ ባለመብት ይሆናሉ። ወሰኑ የሚታወቀው በዛፍ፣ በወንዝና በድንጋይ ነው። ክርክር ሲነሣ የሚመሰክሩት ጎረቤትና ሽማግሌዎች ናቸው። ቤት ለመሥራት ቢሮ መሄድ አያስፈልግም፤ ደቦ መጥራት ይበቃል። ወንዶቹ እንጨት ቆርጠው ቋሚና ማገር ያቆማሉ፣ ጣሪያውን በሣር ይከድናሉ። ሴቶቹ ውሃ ይቀዳሉ፣ ጭቃውን ከጭድ ጋር ያቦካሉ፣ ግድግዳ ይመርጋሉ፣ ወለሉን በእበት ይለቀልቃሉ፣ ለደቦው የሚበላና የሚጠጣ ያዘጋጃሉ። ቤቱ የሁለቱም እጅ ሥራ ነው።

መሬቱ ግን በአብዛኛው የሚወረሰው ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ነበር። ሴት ልጅ አግብታ ትሄዳለች ተብሎ ስለሚታሰብ ድርሻዋ ከመሬት ይልቅ ጥሎሽና የቤት ዕቃ ነበር። ይህ ማለት ሴቷ ምንም መከታ አልነበራትም ማለት አይደለም። በብዙ የኦሮሞ አካባቢዎች ሴት ስታገባ የምትቀበለው ሲንቄ የክብሯና የመብቷ ምልክት ነበር። በደል ሲደርስባት ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በአንድነት ሲወጡ ማኅበረሰቡ ቆሞ ይሰማ ነበር። ሲንቄ የሚሠራው ግን የሚያውቁትና የሚያከብሩት ሰዎች ባሉበት ነው። ከተማ ሲመሠረት፣ ሰው ከየአቅጣጫው መጥቶ ሲሰፍርና ጎረቤት ጎረቤቱን የማያውቅበት ጊዜ ሲመጣ የቃል ምስክርነት እየሳሳ ሄደ። በቦታው ወረቀት ገባ።

ካርታ ሲመጣ

የአዲስ አበባ ታሪክ ራሱ የሚጀምረው ከአንዲት ሴት ጥያቄ ነው። እንደሚነገረው በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ የፍልውሃው አካባቢ ስላስደሰታቸው ከአፄ ምኒልክ ቦታ ጠይቀው ቤት አሠሩ፤ ለስፍራውም አዲስ አበባ የሚለውን ስም አወጡ። የእቴጌዪቱ ፈቃድ በቃል ተጠይቆ በቃል የተሰጠ ነበር። ተራዋ ሴት ግን ንጉሥ ፊት ቀርባ ቦታ የምትጠይቅበት መንገድ አልነበራትም።

ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ በቃል ብቻ መተዳደር አልተቻለም። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የአዲስ አበባ ቦታ በግል እንዲያዝ፣ እንዲሸጥና እንዲወረስ የሚፈቅድ ደንብ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቦታ እየተለካ ለባለቤቱ ማስረጃ ይሰጥ ጀመር። ዛሬ «ካርታ» የምንለው ነገር አመጣጡ ይህ ነው። ልብ በሉ፤ ወረቀት ስም ይፈልጋል። ቀድሞ «የእነ እገሌ ቤት» ተብሎ የሚታወቀው ቤት አሁን አንድ ስም ብቻ የሚጻፍበት ሆነ። የሚጻፈውም በአብዛኛው የአባወራው ስም ነበር።

በእኛ በኩል ነቀምቴ የሌቃ ገዢዎች የእነ ሞረዳ በከሬና የልጃቸው የኩምሳ ሞረዳ መቀመጫ ሆና አደገች። የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት እስከ ዛሬ በከተማዋ አለ። የባለቤቱን ስም ሁላችንም እናውቃለን፤ የሠሩትን እጆች ስም ግን የሚነግረን የለም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. አገሪቱ በጠቅላይ ግዛቶች ስትዋቀር ነቀምቴ የወለጋ ዋና ከተማ ሆነች። በ1937 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ማዘጋጃ ቤቶች የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 74 ወጣ፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ያሉ ከተሞችም በሕግ የታወቀ አስተዳደር አገኙ። ቦታ መመዝገብ፣ መንገድ ማውጣት፣ የከተማ ግብር መሰብሰብና የቤት ሥራን መቆጣጠር የማዘጋጃ ቤት ጉዳይ እየሆነ መጣ። ባለ ሣር ክዳኑ ቤትም ቀስ በቀስ ለቆርቆሮና ለባሕር ዛፍ ማገር ቦታውን ለቀቀ።

በዚያ ዘመን በየከተማው ጠላና አረቄ እየሸጡ፣ እንግዳ እያሳደሩ፣ ክፍል እያከራዩ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴቶች ብዙ ነበሩ። ከእነርሱ መካከል በራሳቸው ስም ቤት ያፈሩ አልጠፉም። ያገባችዋ ሴት ግን ሌላ ግድግዳ ነበረባት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰቡ ራስ ባል መሆኑን ደንግጎ ነበር። የጋራውን ንብረት በማስተዳደር ረገድም የባል ቃል ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ሚስት ያጠራቀመችው ገንዘብ ቤት ቢሆንም፣ በቢሮው መዝገብ ላይ ፈራሚው ባል ነበር።

ሐምሌ 1967

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ሰው ወይም አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ ሊይዝ የሚችለው አንድ ቤት ብቻ ሆነ። ለመኖሪያ ቤት መሥሪያ የሚሰጠውም ቦታ እስከ 500 ካሬ ሜትር ተወሰነ። ኪራያቸው ከወር 100 ብር በታች የሆኑ ትርፍ ቤቶች ለቀበሌ ተላለፉ። «የቀበሌ ቤት» የሚለው ቃል የተወለደው ያኔ ነው።

ይህ አዋጅ ለሴቶች ሁለት ፊት ነበረው። በአንድ በኩል በኪራይ ሲማረሩ የኖሩ ብዙ ድሃ እናቶች ኪራዩ ቀለለላቸው፤ ከባለቤቱ ፊት ከመንበርከክም ዳኑ። በሌላ በኩል ዕድሜ ልካቸውን ጠላ ጠምቀው ሁለት ሦስት ክፍል የሚከራይ ቤት የሠሩ ሴቶች ጡረታዬ ያሉትን አጡ። «አንድ ቤተሰብ አንድ ቤት» የሚለው ደንብም በተግባር ቤቱ በቤተሰቡ ኃላፊ ስም እንዲመዘገብ መንገድ ከፈተ። ወረቀቱ ተለወጠ እንጂ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ብዙም አልተለወጠም።

ሕጉ ስማችንን የጠራበት ጊዜ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደር፣ የመቆጣጠር፣ የመጠቀምና የማስተላለፍ መብት እንዳላቸው፣ በውርስም እኩል እንደሆኑ በግልጽ ደነገገ። አንቀጽ 40 ደግሞ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አስቀመጠ። ስለዚህ ዛሬ በከተማ የምንይዘው የመሬቱን የመጠቀም መብት ነው፤ በላዩ የሠራነው ቤት ግን የራሳችን ንብረት ነው። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ለመኖሪያ ቤት የሚሰጥ የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው።

የቤተሰብ ሕጉም ተለወጠ። የፌዴራሉ በ1992፣ የኦሮሚያው ደግሞ በ1995 ዓ.ም. ወጣ። ባል የቤተሰቡ ራስ ነው የሚለው ቀረ። በትዳር ወቅት የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በስተቀር የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ቤትን የመሰለ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም የሁለቱም ስምምነት ይፈለጋል።

«እንግዲያው ስሜ ወረቀቱ ላይ ባይኖርስ ምን ይጎዳኛል?» የምትል እህት ትኖራለች። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሕጉ ይጠብቅሻል፤ ግን የሚጠብቅሽ ፍርድ ቤት ሄደሽ ስትከራከሪ ነው። ስምሽ ወረቀቱ ላይ ካለ መጀመሪያውኑ ክርክር አይነሣም። ስምሽ ከሌለ ጋብቻሽን ታስረጃለሽ፣ ምስክር ትቆጥሪያለሽ፣ ጠበቃ ትከፍያለሽ፣ ቀጠሮ ትመላለሻለሽ። ያን ሁሉ የምታደርጊው ደግሞ ሐዘን ላይ ሆነሽ ወይም ልጅ ይዘሽ ከቤት ወጥተሽ ነው።

የገጠሩ መሬት ምዝገባ ጥሩ ትምህርት ይሰጠናል። በትግራይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሰጠው ደብተር የተመዘገበው በቤተሰቡ ኃላፊ ስም ነበር። በአማራ ክልል ጥቂት ዓመታት ዘግይቶ የተጀመረው ግን የባልና የሚስትን ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን የያዘ ነበር። ልዩነቱ በቅጹ ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው። ያች አንድ መስመር ግን ሚስት ሳታውቅ መሬት እንዳይተላለፍ አጥር ሆነች።

ፈቃድ ለምን አስፈለገ?

ብዙዎቻችን ፈቃድን የምናየው እንደ ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው። መነሻው ግን የሰው ሕይወት ነው። ከ3,700 ዓመት ገደማ በፊት በባቢሎን የወጣው የሐሙራቢ ሕግ፣ የሠራው ቤት ፈርሶ ባለቤቱን የገደለ ግንበኛ በሞት እንዲቀጣ ያዝዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1666 ለንደን ከተማ ለአራት ቀን ተቃጥላ ከ13,000 በላይ ቤቶች ወደሙ። ቤቶቹ በአብዛኛው ከእንጨት የተሠሩና እርስ በርስ የተጠጋጉ ነበሩ። በማግሥቱ ዓመት የወጣው ሕግ ቤት በጡብና በድንጋይ እንዲሠራ አስገደደ፤ የሚቆጣጠሩ ሰዎችም ተሾሙ። ዛሬ ፈቃድ የምንለው ነገር ከእንዲህ ዓይነት እሳትና መደርመስ የተወለደ ነው።

ይህ ለአርጆ ሴት ሩቅ ታሪክ አይደለም። ማድ ቤቱ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ሲሠራ እሳቱ ቢነሣ መጀመሪያ የምትቃጠለው ምድጃው ዳር የተቀመጠችው እናት ናት። የሽንት ቤት ጉድጓድ ከውሃ ጉድጓድ አጠገብ ሲቆፈር ልጅ የምታስታምመው እርሷው ናት። በእኛ ደጋ ክረምቱ ሲበረታ የጎርፍ መውረጃ ያልተተወለት ግቢ የጎረቤትን መሠረት ይሸረሽራል፤ ጠቡም ዓመታት ይዘልቃል። ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት የሚታየው ንድፍ እነዚህን ነገሮች በወረቀት ላይ አስቀድሞ ለመፍታት ነው።

የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ

በአገራችን የግንባታ ፈቃድ በዝርዝር የተደነገገው በ2001 ዓ.ም. በወጣው የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ነው። ከእርሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ወጥቶ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ማስፈጸሚያ ደንቡ ቁጥር 243/2003 ተከተለ። አዋጁ የሚሠራው የነዋሪያቸው ቁጥር ከ10,000 በላይ በሆነ ከተሞች ነው፤ ከዚያ ባነሱ ከተሞችም ክልሉ ከወሰነ ይሠራል።

አዋጁ ሕንፃን በሦስት ምድብ ይከፍላል። ምድብ «ሀ» በቋሚዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ያልበለጠ ባለ አንድ ወለል ቤት ነው፤ አብዛኞቻችን የምንሠራው ይህን ነው። ምድብ «ለ» ርቀቱ ከ7 ሜትር የበለጠ ወይም ባለ ሁለትና ከዚያ በላይ ወለል ሆኖ በ«ሐ» ያልተካተተው ነው። ምድብ «ሐ» ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ፣ ፋብሪካ ወይም ከፍታው ከ12 ሜትር በላይ የሆነ ነው። ማኅበራችን አንድ ቀን የስብሰባ አዳራሽ ቢሠራ የሚመደበው በ«ሐ» ነው። ሕዝብ የሚገባበት ሕንፃ አካል ጉዳተኞች የሚገቡበት መንገድና መጸዳጃ እንዲኖረው አዋጁ ያዝዛል፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱት ሳይቀሩ ማለት ነው።

ፈቃድ የሚያስፈልገው ለአዲስ ቤት ብቻ አይደለም። ማስፋፋት፣ ማሻሻል፣ የቤቱን አገልግሎት መለወጥና ማፍረስም ፈቃድ ይጠይቃሉ። እዚህ ላይ እንቁም፤ የሴቶች ጉዳት ያለው እዚህ ነው።

ትልቁ ቤት ብዙ ጊዜ በባል ስም በወጣ ካርታና ፈቃድ ይሠራል። ከዚያ በኋላ በዕቁብ ገንዘብ የሚጨመረው ማድ ቤት፣ ከግቢው ጀርባ የሚቀጠለው የሚከራይ ክፍል፣ ወደ መንገድ የሚወጣው ትንሽ ሱቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሴቷ ሥራ ነው። እነዚህ ደግሞ በንድፉ ላይ የሉም። «ትንሽ ነገር ናት፣ ማን ያያታል» ተብሎ ያለ ፈቃድ ይሠራሉ። ስለዚህ በአንድ ግቢ ውስጥ የወንዱ ሥራ ሕጋዊ፣ የሴቷ ሥራ ሕገወጥ ሆኖ ይገኛል። ችካል ሲተከል መጀመሪያ «ፈቃድ አለው?» የሚባለው ያ ሱቅ ነው፤ ያለ ፈቃድ የተሠራን ነገር ደግሞ እንዲፈርስ ማዘዝ ሕጉ ይፈቅዳል። የልማት ካሳም የሚታሰበው ለሕጋዊ ባለይዞታ ነው። አንዲት እናት የአሥር ዓመት ዕቁቧን በአንድ ቀን የምታጣበት መንገድ ይህ ነው።

ማመልከቻው ምን ይፈልጋል?

በመጀመሪያ የይዞታ ማረጋገጫው ወይም የሊዝ ውሉ ይታያል። የግንባታ ፈቃድ በራሱ የባለቤትነት ማስረጃ አይደለም፤ ካርታው ላይ ያለውን ስም ተከትሎ የሚወጣ ነው። ስለዚህ ስማችንን ማስገባት ያለብን ፈቃድ ስንጠይቅ ሳይሆን ከዚያ በፊት፣ ካርታው ሲሠራ ነው። ካርታው በአንድ ስም ከወጣ የጋብቻ ማስረጃ ይዞ ባልና ሚስት አብረው ቀርበው የሁለቱም ስም እንዲገባ መጠየቅ ተገቢ ነው። በሰላም ጊዜ የሚጠየቅ ነገር ነው፤ ጠብ ከተነሣ በኋላ ከባድ ይሆናል።

ቀጥሎ የፕላን ስምምነት አለ። ከተማው በዚያ ቦታ ላይ ምን ዓይነት ቤት፣ ምን ያህል ከፍታ፣ ከመንገድና ከወሰን ምን ያህል ርቀት እንደሚፈቅድ የምናውቀው በዚህ ነው። ንድፍ ለማሠራት ገንዘብ ከማውጣት በፊት ይህን መጠየቅ ብልህነት ነው። መንገድ ሊያልፍበት በታሰበ ቦታ ላይ የሚከራይ ክፍል መሥራት ገንዘብን ወንዝ ውስጥ መጣል ነው።

ከዚያ ንድፉ ይመጣል። ለምድብ «ሀ» የሚጠየቀው ቀለል ያለ ነው፤ ምድቡ ከፍ ሲል የአርክቴክቸር፣ የስትራክቸር፣ የውሃና ፍሳሽ እንዲሁም የኤሌክትሪክ ንድፍ ፈቃድ ባለው ባለሙያ መሠራት አለበት። ማድ ቤቱን፣ ሽንት ቤቱንና ወደፊት የምናስበውን ክፍል ከመጀመሪያው ንድፉ ላይ እናስገባ። ገንዘብ ሲገኝ ደረጃ በደረጃ ይሠራል፤ ከንድፉ ከቀረ ግን ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው። ንድፍ አውጪው ከባል ጋር ብቻ ተነጋግሮ እንዳይሄድ፣ እሳቱ የት እንደሚነድና ውሃው የት እንደሚፈስ የምታውቀው ሴት ከጎኑ ትቀመጥ።

ማመልከቻው ከነአባሪው ለሕንፃ ሹሙ ይቀርባል። በኦሮሚያ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ መጻፍ የምትችል አባል ለማትችለው ትጻፍላት፤ ባልገባት ወረቀት ላይ ማንም አትፈርም። ላስገባነው ሰነድ ቀኑ የተጻፈበት መቀበያ፣ ለከፈልነው ገንዘብ ደረሰኝ እንቀበል። ጥያቄያችን ካልተፈቀደ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠን እንጠይቅ። በውሳኔው ያልተስማማ ሰው ለይግባኝ ሰሚ ቦርድ አቤት እንዲል አዋጁ በር ከፍቷል። በቃል «አይሆንም» ከተባልን ግን ይግባኝ የምንልበት ነገር የለንም። ሕግና ክፍያ በየጊዜው ስለሚሻሻሉ ከማመልከታችን በፊት በሥራ ላይ ያለውን ከቢሮው ራሱ እንጠይቅ እንጂ ከደላላ አንስማ።

ፈቃዱ ከወጣ በኋላ ሥራው በየደረጃው ለቁጥጥር ይታያል። መሠረቱ ሳይታይ ከተሸፈነ በኋላ ጥፋት ቢገኝ የሚፈርሰው በእኛ ወጪ ነው። ሰነዶቹንም ሁለት ሁለት ኮፒ አድርጎ አንዱን ከቤት ውጭ፣ ለምሳሌ በማኅበራችን ሣጥን፣ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ቤት ቢቃጠል ወረቀቱ አብሮ እንዳይቃጠል ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የቆየው ታሪክ የሚነግረን በየዘመኑ ሕግ ሲለወጥ ቀድሞ የተጻፈ ስም እንደሚተርፍ ነው። በቀቢዬ ዘመን ምስክራችን ጎረቤት ነበር። በካርታ ዘመን ስማችን ሳይጻፍ ቀረ። በ1967 ቤተሰቡ ተቆጠረ፣ እኛ ግን በየግላችን አልተቆጠርንም። ዛሬ ሕጉ በሩን ከፍቶልናል፤ በሩ ግን በራሱ አይገባልንም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባችን እያንዳንዳችን የቤታችንን ካርታ ኮፒና የግንባታ ፈቃዱን ይዘን እንምጣ። ሦስት ነገር እንመልከት፦ ስማችን አለበት ወይ? በግቢው ያለው ክፍል ሁሉ በንድፉ ላይ አለ ወይ? የግብር ወይም የሊዝ ክፍያው ደረሰኝ ተሟልቷል ወይ? የጎደለባቸውን እህቶች መዝግበን፣ አንዲቷ ብቻዋን ቢሮ ለቢሮ እንዳትመላለስ አምስት አምስት ሆነን ወደ ማዘጋጃ ቤቱ እንሂድ። እናቶቻችን ጭቃውን በደቦ አቡክተው ቤት እንዳቆሙ፣ እኛም ወረቀቱን በደቦ እንጨርሰው።